ስሪላንካ ሰርፊንግ ልማር ነው፤ የወባ መድኃኒት ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ዱባይ ነው። በጥር ወር አዲስ አበባ ቤተሰቤን ጠይቄ፣ ከዚያው ከጓደኞቼ ጋር ወደ ስሪላንካ እሄዳለሁ። ወሊጋማ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለሁለት ሳምንት ሰርፊንግ (በቦርድ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ሆኖ በባሕር ሞገድ መንሸራተት) ልንማር ነው። ዋና እችላለሁ፤ የተማርኩት ግን ገንዳ ውስጥ ነው። ጨጓራ ስላለብኝ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። እናቴ «ሞቃት አገር ነው፤ የወባ መድኃኒት ሳትይዢ እንዳትሄጂ» ብላኛለች። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለስሪላንካ የወባ መከላከያ መድኃኒት አያስፈልግዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ከወባ ነፃ መሆኗን አረጋግጧል። የእናትዎ ምክር የሚሠራው ለጉዞዎ የመጀመሪያ ክፍል ነው፦ ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ መድኃኒቱ ለዚያ ይታሰብ።

ስሪላንካ ውስጥ የምትፈራው ሌላ ትንኝ ናት፤ ደንጌ የተባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው። በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ የነበረው በሽታ ነው። ይህች ትንኝ የምትናከሰው በቀን፣ ይበልጡን ጠዋትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ፤ ከባሕር በወጡ ቁጥር እንደገና ይቀቡ፤ መጀመሪያ የፀሐይ ክሬሙን፣ ከዚያ የትንኙን። ትኩሳትና ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም ከጀመረዎት ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የደም መፍሰስን ያባብሳሉ፤ ለጨጓራዎም አይስማሙም።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ይገኝባቸዋል ከሚባሉ አገሮች መካከል ስለሆነች፣ ከአዲስ አበባ ተነስተው ኮሎምቦ ሲያርፉ የክትባቱን ቢጫ ካርድ ይጠየቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቀድሞ የተከተቡ ከሆነ ካርዱን ይፈልጉት። ካልተከተቡና እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ከወሰዱ፣ ክትባቱ ሕያው ተሕዋስ ስላለበት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በዚያው ቀጠሮ ስለ ታይፎይድ ክትባትም ይጠይቁ። ሄፓታይተስ ኤ የተባለውን የጉበት በሽታ በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደጉ ከሆነ በልጅነትዎ ይዞዎት አልፎ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል።

የባሕር ዳርቻ ውሾችን አይደባብሱ። ውሻ ወይም ጦጣ ቢነክስዎት ወይም ቢቧጭርዎት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይጠቡና ጭረት ብቻ ነው ሳይሉ በዚያው ቀን የእብድ ውሻ ክትባት ይጀምሩ።

ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ አሲዱ ደግሞ ከምግብ ጋር የሚገቡ ጀርሞችን የሚገድል ነው። ስለዚህ ተቅማጥ ከጓደኞችዎ ይልቅ እርስዎን ሊይዝ ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ የታሸገ ወይም የፈላ ውኃ ይጠጡ፣ በረዶ ይተዉ፣ ኦአርኤስ ይያዙ። በልተው ወዲያው ቦርድ ላይ በሆድዎ አይተኙ፤ ቃሩ ያስቸግርዎታል።

አሁን ወደ ባሕሩ። በጥር የስሪላንካን ደቡባዊ ዳርቻ መምረጣችሁ ጥሩ ነው፤ ወሊጋማም ታቹ አሸዋ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ገንዳ ውስጥ የማያውቁት ነገር ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት ነው። ከያዘዎት በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ አይታገሉ፤ ጉልበት ጨርሶ የሚያሰጥመው እሱ ነው። ቦርዱን ሳይለቁ ይንሳፈፉ፣ እጅ አንስተው እርዳታ ይጥሩ፣ ጅረቱ ሲላላ ከዳርቻው ትይዩ ዋኝተው ይውጡ።

ጥቂት ሰው የሚያውቀውን ግን በተለይ ልንገርዎት፤ ጀማሪ ነዎትና። «ሰርፈርስ ማየሎፓቲ» (surfer's myelopathy) የሚባል የኅብለ ሰረሰር ጉዳት አለ። የሰርፊንግ ተማሪ ሞገድ እየጠበቀ፣ በሆዱ ተኝቶ ደረቱንና አንገቱን ቀና አድርጎ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጀርባ እንዲህ ተለጥጦ ሲቆይ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚሄደው ደም ሊያንስ ይችላል፤ መንስኤው ይህ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሐኪሞች ችግሩን በ2004 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ከታከሙ ሰዎች በመነሳት ገልጸውታል። አደጋው እምብዛም አያጋጥም፤ የሚያጋጥመው ግን ባብዛኛው ወጣትና ጤነኛ ለሆነ ጀማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው ትምህርት ላይ። መውደቅም መመታትም አያስፈልገውም። ድንገት የጀርባ ሕመም ይጀምራል፤ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ባለው ጊዜ እግር ይደነዝዛል፣ ይዝላል፣ ሽንት አልወጣ ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ያሳጥሯቸው። ሞገድ ሲጠብቁ ቦርዱ ላይ ይቀመጡ እንጂ ተኝተው አይቆዩ፤ ውኃ ጠጥተው ይግቡ። ጀርባዎን ካመመዎት «አንድ ሞገድ ብቻ» አይበሉ፤ ወዲያው ይውጡ። እግርዎ ከደነዘዘ ማሳጅ ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ነው የሚኬደው፤ በዚያው ሰዓት። የጉዞ መድን ሲገዙም ሰርፊንግን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ያረጋግጡ፤ ሰርፊንግን አደገኛ ስፖርት ብለው የሚያገሉ ውሎች አሉ።