የልጄ ፀጉር የስለት ነው፣ ት/ቤቱ ቁረጡት አለ፣ ባሌ ደግሞ ቶንዶስ ገዝቶ መጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምኖረው ለንደን ነው። ሁለት ፅንስ ከወረደብኝ በኋላ የተወለደ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አማቴ ያኔ «በሰላም ከተወለደ ፀጉሩን ምላጭ ሳይነካው ቁልቢ ወስጄ ነው የማስላጨው» ብላ ተሳለች። ከዛ ኮቪድ፣ ከዛ ጦርነቱ፣ ከዛ የቲኬት ዋጋ፣ ይኸው እስካሁን አልሄድንም። እስከ ዘንድሮ ሹሩባ እየሰራሁት ይማር ነበር፣ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። ይር ስሪ (የነሱ ሶስተኛ ክፍል) ሲገባ አዲስ ሄድ ቲቸር መጣችና የወንድ ፀጉር ኮሌታ እንዳይነካ፣ ሹሩባም ለወንድ አይፈቀድም የሚል ኢሜይል ላከች። ባሌ በነጋታው ቶንዶስ ገዝቶ መጣ፣ እሁድ ማታ ልጁን ፎጣ አልብሶ ወንበር ላይ አስቀምጦት ደርሼ ነው የነጠቅኩት። አማቴ በዋትሳፕ ታለቅሳለች። ልጄ ላባቱ «እንዳንተ አጭር ነው የምፈልገው» ይላል፣ ላያቱ «አልቆረጥም፣ የገብርኤል ነው» ይላል፣ ለኔ ደግሞ ዝም። ከት/ቤት ሲወጣ ሁሌ ኮፍያውን አጥልቆ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሳነበው መጀመሪያ የዩኒፎርም ጉዳይ መስሎኝ ነበር፣ «ለኔ ደግሞ ዝም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ነው ቆም ያልኩት። ልጅሽ እኮ ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ ቤታችሁ ውስጥ ሽምግልና ተቀምጧል፣ ያውም በ7 ዓመቱ። ላባቱ ያባቱን፣ ላያቱ ያያቱን መልስ ይሰጣል፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ግን አንቺ የቱን እንደምትፈልጊ ስላላወቀ ይመስለኛል ዝም የሚለው (እኔ እንጃ፣ አንቺስ ታውቂዋለሽ?)።

የት/ቤቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰውና ወደሱ እመለሳለሁ፣ ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው። እንግሊዝ አገር የዩኒፎርምና የፀጉር ደንብ የሚያወጣው እያንዳንዱ ት/ቤት በራሱ ነው፣ በገቨርነሮቹ (በት/ቤቱ ቦርድ) በኩል። ያ ማለት ግን ያሻቸውን ይፅፋሉ ማለት አይደለም፣ ከላያቸው ኢኳሊቲ አክት የሚሉት የ2010ሩ ህግ አለ፣ ዘርንም ሃይማኖትንም ይሸፍናል። በ2011 ለንደን ላይ ያንቺን የሚመስል ጉዳይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፣ የካሪቢያን ዝርያ ያለው የ11 ዓመት ልጅ ፀጉሩን ተሰርቶ ስለመጣ ገና በመጀመሪያ ቀኑ ት/ቤቱ መለሰው፣ ዳኛውም የቤተሰብ ባህል ለሆነበት ልጅ ምንም ልዩ ፈቃድ ሳያስቡ መከልከል በተዘዋዋሪ የዘር መድልዎ ነው ብለው ፈረዱለት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዢልኝ፣ «ሴት ተፈቅዶላት ወንድ ለምን» የሚለው ክርክሩ ግን አልሰራለትም። ስለዚህ ኢሜይል ስትፅፊ «ለሴቶቹ ፈቅዳችሁ» ብለሽ አትጀምሪ፣ ንዴትሽ ወደዛ እንደሚወስድሽ አውቃለሁ። ባህልና እምነት ላይ ቁሚ። የእኩልነትና ሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑም በጥቅምት 2022 ለት/ቤቶች መመሪያ አውጥቷል፣ ሹሩባም ድሬድም አፍሮም በስም ተጠቅሰዋል፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድርቅ ያለ ክልከላ ህገወጥ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

ኢሜይሉን አጭር አድርጊው። ፀጉሩ በቤተሰባችን የሃይማኖት ስለት የተያዘ ነው፣ ሹሩባ ደግሞ በህዝባችን ወንዱም ሴቱም ሲሰራው የኖረ ነው፣ ወደኋላ ታስሮ ንፁህ ሆኖ ይመጣል፣ ልዩ ፈቃድ እንጠይቃለን፣ መልሱን በፅሁፍ አሳውቁን። በቃ። እምቢ ካሉ መደበኛ አቤቱታ ለገቨርነሮቹ ይገባል። እስከዛ ልጁን ከት/ቤት እንዳታስቀሪው፣ ሹሩባውን ጠበቅ አድርገሽ ኮሌታ እንዳይነካ አስረሽ ላኪው።

ባልሽን ደግሞ ትንሽ ልከራከርለት። ሰው ቶንዶስ ገዝቶ ሲመጣ ጨካኝ ይመስላል፣ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፣ ልጅ እያለ ፀጉር ቁጥጥር እንዴት ነበር በይው። እኔ ያደግኩበት ት/ቤት ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዩኒት ሊደሩ መቀስ ይዞ ነበር የሚዞረው፣ ፀጉሩ አደገ ያለውን ልጅ መሃል አናቱ ላይ አንድ መንገድ ያወጣለትና ይሄዳል፣ ቀሪውን ቤትህ ጨርሰህ ና ነው። ያ ልጅ ሙሉ ቀን እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚማረው። ከኛ ዘመን ወንዶች ስንቱ ይቺን ቀምሷታል መሰለሽ። እና አንዳንድ አባት «እነሱ ሳያዋርዱት እኔ በቤቴ ላስተካክለው» ብሎ ነው የሚቸኩለው፣ ስደት ሲጨመርበት ደግሞ ከት/ቤት የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ከሆም ኦፊስ (ከኢሚግሬሽኑ መስሪያ ቤት) የመጣ ነው የሚመስለው። ባልሽ እንደዛ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ ብቻ ጠይቂው፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ስልካችሁን ሌላ ክፍል ትታችሁ። ፎጣውንና ወንበሩን አታንሺበት፣ ካነሳሽ መከላከል ይጀምርና ወሬው እዛው ያልቃል።

አሁን ወደ ልጁ። ኮፍያውን የሚያጠልቀው ከት/ቤት ሲወጣ ነው ብለሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ የሆነ ልጅ «ሴት» ብሎት እንደሆነ ነው። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች «ይሄ የሴት ነው ይሄ የወንድ ነው» ላይ በጣም ግትር ናቸው፣ በኋላ ነው ለዘብ የሚሉት፣ ሄድ ቲቸሯ ደግሞ ያንኑ በደንብ ፅፋ ስትልክ ለተሳዳቢው ደረሰኝ እንደቆረጠችለት ቁጠሪው። ግን ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ማን ምን አለህ» ካልሽው አይነግርሽም። ፀጉሩን ስትሰሪው ጠይቂው፣ ያኔ ጀርባውን ነው የሚሰጥሽ፣ ፊትሽን አያይም፣ እጅሽም ስራ ላይ ነው። ሚዶውን ያዝ አድርገሽ «ነገ እንዴት ሆነህ መሄድ ነው ደስ የሚልህ?» በይው። ነገ ብቻ። አባትህ እንዲህ አለ፣ አያትህ እንዲህ አለች የለም። ቀጥሎ ደግሞ ይቺን ንገሪው፣ «የፈለግከውን ብትል ማንም አያለቅስም፣ ብናለቅስም የኛ ስራ ነው እንጂ ያንተ አይደለም»። ደግመሽ ደጋግመሽ ንገሪው፣ አንድ ጊዜ አያምንሽም።

ላቆየው ካለ የሚመልሰው ነገር ስጪው፣ ባዶ እጁን አትላኪው። አፄ ቴዎድሮስን በሹሩባ የተሳሉበትን ስዕል አሳዪው። ከዛ ይሄን ጨምሪበት፣ ንጉሱ በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወስደው ነበር፣ ያ ፀጉር እዛው እናንተ ከተማ ቼልሲ፣ የጦር ሰራዊት ሙዚየሙ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሮ በመጋቢት 2019 ነው ለኢትዮጵያ የተመለሰው። የ7 ዓመት ልጅ ይሄን አንዴ ከሰማ ክፍል ውስጥ ለማን እንደሚያወራው ያውቃል፣ እኔ ሾው ኤንድ ቴል (ልጆች ክፍል ፊት ወጥተው የሚያወሩበት) ላይ ሲያቀርበው ነው የታየኝ።

ቁረጡልኝ ካለ ደግሞ... እዚህ ጋ ነው አማትሽ የሚከብዱሽ፣ እውነቴን ነው። የተሳሉት እሳቸው ናቸው፣ ልጁ አይደለም። አንቺ ግን ስለት ምን ዋጋ አለው የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ፣ እሳቸው እኮ ያንቺን ሁለት ሀዘን አይተው ነው ተንበርክከው የለመኑት፣ ያ ፀጉር ላንቺ ያላቸው ፍቅርም ነው። ስለቱ ሊቀየር ይችላል አይችልም የሚለውን እኔ ልፈርድ አልችልም፣ የነፍስ አባታችሁ ነው የሚያውቀው፣ ባልሽ ራሱ ከናቱ ጋር ሆኖ በስልክ ያነጋግር፣ አንቺ መሃል አትግቢ። የሱ እናት ናት።

ሌላው፣ ካላንደር አውጥተሽ ተመልከቺ። የቁልቢ ገብርኤል ታላላቅ ንግሶች ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ናቸው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 28 እና ጁላይ 26፣ አንዱ የገና እረፍት ላይ ነው፣ አንዱ የክረምቱ እረፍት መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም አንድም ቀን ትምህርት ሳያመልጠው ነው ሄዶ የሚመለሰው። ገንዘቡን አውቃለሁ፣ ሶስት ቲኬት ቀልድ አይደለም። ግን ቀኑ ከታወቀ፣ የዘንድሮ ባይሆን የሚቀጥለው፣ አማትሽ የሚጠብቁት ነገር ያገኛሉ፣ ባልሽም ፀጉሩ ማለቂያ እንዳለው ያያል፣ ለሄድ ቲቸሯም «እስከዚህ ቀን ድረስ» ብለሽ መፃፍ ትችያለሽ። ት/ቤቶች ደግሞ ቀን ያለው ጥያቄ ሲቀርብላቸው ይቀላቸዋል።

ቶንዶሱን ዛሬውኑ ልጁ ከማያየው ቦታ አስቀምጪው። የሚቆረጥበት ቀን ከመጣም እሁድ ማታ አይሁን፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ አያቱ በቪዲዮ ገብተው ይመርቁት። ከት/ቤቱ የሚመጣልሽን መልስ ስክሪንሾት አድርገሽ ላኪልኝ፣ የልጁንና የት/ቤቱን ስም አጥፊበትና።