በሰው አገር ልብ እንዲረጋ፦ ጥያቄና መልስ

በሥራ ምክንያት ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ አንባቢዎች ደጋግመው ይጽፉልኛል። አብዛኞቹን ያስቸገራቸው ሥራው ወይም ደመወዙ አይደለም፤ «ቤቴ» የሚሉት ቦታ ማጣታቸው ነው። የዛሬው ገጽ ለእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። «ተመላሽ ነኝ» እያልኩ ከአልጋና ከአንድ ወንበር በቀር ዕቃ አልገዛሁም። ማታ ስገባ ባዶውን ቤት ሳየው ሆድ ይብሰኛል። ልግዛ ወይስ ገንዘቤን ልያዝ?

መልስ፦ ግዢ፣ እህቴ። ትመለሺ ይሆናል። ሦስቱ ዓመት ግን ከዕድሜሽ የሄደ ነው፤ ማንም አይመልስልሽም። ብዙ አታውጪ። መጋረጃ፣ ለስለስ ያለ የማታ መብራት፣ ሁለተኛ ወንበር ይበቃሻል። ከሁሉ አስቀድመሽ ወንበሩን። መቀመጫ ከሌለ ሰው ለመጥራት ድፍረቱም አይመጣም። ስትሄጂ ለሌላ አዲስ መጪ ትሰጪዋለሽ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ሁሉ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ዘጠኝ ወር ሲሞላኝ አውቶቡሱ፣ አየሩ፣ የሰዉ ሰላምታ ሳይቀር ያስጠላኛል። መውጣቴ ስሕተት ነበር?

መልስ፦ ከዚህ ስሜት ብቻ ተነሥተህ እንዲያ አትበል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጎርድ በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ የአገሩን ልጆች ጠይቆ ነበር። ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት፣ ከዚያ ባነሰም ሆነ በበለጠ ጊዜ ከቆዩት ይልቅ መላመድ ከብዷቸው ነበር። ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ እንደማያልፍ ኋላ የመጡ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት የሚከብደውም አለ። ስለዚህ ወር እየቆጠርክ አትጠብቅ። ግን ደግሞ ጠቅልሎ የመመለስን ያህል ትልቅ ውሳኔ አሁን አትወስን። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከጠፉ ነገሩ ከናፍቆት አልፎ ሊሆን ይችላልና ሐኪም አማክር።

ጥያቄ፦ ባልደረቦቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ከቢሮ ስንወጣ ግን ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ ከማንም ጋር ሳላወራ ያልፋል። ጓደኛ እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ አብሮ በማሳለፍ፣ ያውም ብዙ ሰዓት። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ገደማ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ሥራ ላይ አብረው የሚያሳልፉት ሰዓት ያን ያህል አያቀራርብም። ቀኑን ሙሉ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጣችሁ ባይተዋር የሆንሽው አንቺ ጥፋት ኖሮብሽ አይደለም።

ሰዓቱ የሚጠራቀመው አንድ ቦታ በመመላለስ ነው። የቋንቋ ትምህርት፣ መዘምራን፣ የሠፈር እግር ኳስ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፤ የቱም ቢሆን በየሳምንቱ የሚደጋገም ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ድግስ ላይ ሃያ ስም ይዘሽ ትወጫለሽ፣ በማግስቱ አንዱም አይደውልም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሰለቻሉ፤ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚያ ላይ ነው፣ እባክሽ አንቺ አታቁሚ። ፊትሽን የለመደ ሰው ሲገኝ «ከዚህ በኋላ ትንሽ እንራመድ?» በይው። እነሱ እስኪጋብዙሽ አትጠብቂ። የአገሬው ሰው የልጅነት ጓደኞቹ በዙሪያው ስላሉ ብቸኝነትሽ ትዝ አይለውም። ጎረቤትሽንም ትንሽ ነገር ትብብር ጠይቂ፤ የረዳሽ ሰው በሌላ ቀን ደረጃው ላይ ሲያገኝሽ ዝም ብሎ አያልፍሽም።

ጥያቄ፦ የምውለው ከአገሬ ልጆች ጋር ብቻ ነው። ይኼ መሸሽ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ሳያብራሩ መግባባት ያሳርፋል። የሥራና የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ሲገጥምህ ግን የአገሩን አሠራር የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖርህ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ እንደ እንግዳ ተቆጠርኩ። እዚህም እንግዳ፣ እዚያም እንግዳ። የት ልሂድ?

መልስ፦ ያማል፤ አውቃለሁ። ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ የተመለሰ ሰው የገዛ አገሩንም እንደ አዲስ መላመድ ይኖርበታል። አንተ በሌለህበት ቤተሰቡ የራሱን ልማድ ይዟል። በሚቀጥለው ጊዜ ግብዣውን ቀንሰህ የቤቱን ሥራ ተካፈል። ገበያ ላኩኝ በል፣ የታመመ ካለ አንተ አስታም። እስከዚያ ስትደውልም የምሥራች ብቻ አትናገር። ዛሬ ምን እንዳናደደህ ንገራቸው፣ የእነሱንም ጠይቅ።