ክብደት ቀንሳችሁ ለጨረሳችሁ ልጆቼ

በሕክምና ሙያ ፀጉሬ ሸብቷል። ከታካሚዎቼ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝኑኝ ብዙ ለፍተው ክብደታቸውን ከቀነሱ በኋላ መልሰው የጨመሩት ናቸው፤ አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚመጡት አንገታቸውን ደፍተው ነውና። እናንተ ገና ወጣቶች ስለሆናችሁ፣ ያ ኀፍረት ሳይደርስባችሁ ይህን ልንገራችሁ።

ስትቀንሱ ወዳጅ ዘመድ ያደንቃችኋል፣ ልብስ ይሰፋችኋል፣ ሚዛኑም በየሳምንቱ የምሥራች ያሰማችኋል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ያንኑ ቁጥር ይደጋግማል፤ አድናቂውም መልካችሁን ይለምደዋል። አስቸጋሪው ጊዜ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ሰውነታችሁ መክሳታችሁን የሚያየው እንደ ረኃብ ዘመን ነው። የስብ ሕዋሳት ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑም ይቀንሳል፣ አንጎልም ስንቁ እያለቀ እንደሆነ ይረዳል። ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን ደግሞ ይጨምርና ምግብ ምግብ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የወጣ አንድ ጥናት፣ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ከዓመት በኋላ እንኳን እነዚህ ሆርሞኖቻቸው ወደ ነበሩበት እንዳልተመለሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመረ፤ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ጉልበት ከሚጠበቀው በአማካይ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። ስለዚህ ከወራት በኋላ ረኃብ ሲጠናባችሁ ራሳችሁን ወኔ ቢስ አትበሉ። ተፈጥሮ ሥራዋን እየሠራች ነው።

ይህን ማወቅ ግን እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም። 80 ኪሎ ለነበረ ሰው የሚበቃው ምግብ 65 ኪሎ ለሆነው ይበዛዋል፤ ወደ ድሮው ገበታ የተመለሰ ሰው ወደ ድሮው ክብደቱ መመለሱ አይቀርም። ክብደታቸውን በመድኃኒት የቀነሱትም ከዚህ አያመልጡም። ሴማግሉታይድ የሚባለውን የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች በተጠኑበት ጊዜ፣ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው ጨምረዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ አጥብቄ የምይዘው እንቅስቃሴን ነው። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት የጥናት መዝገብ አለ። የአብዛኞቹ ልማድ ተመሳሳይ ነው፦ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ ቴሌቪዥን ፊት ብዙ አይቀመጡም፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ። የሚበዙት የሚያዘወትሩት እንቅስቃሴ የእግር ጉዞ ነው፤ ይህ እጅግ ደስ ይለኛል፣ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ስለሆነ። በዚያ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ጨምሩ። ሰው ሲከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፤ ጡንቻን ለመመለስ ደግሞ ሥራም፣ በቂ ፕሮቲንም ያስፈልጋል። እንቅልፍንም አትናቁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ይበልጥ ይርበዋል።

ስለ ሚዛን ጥቂት ልበል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ምግብ ሳትቀምሱ ተመዘኑ። ከቀን ወደ ቀን የሚታየው የአንድ ኪሎ ከፍና ዝቅ በአብዛኛው ውኃ ነውና አያስደንግጣችሁ። ነገር ግን አስቀድማችሁ ወሰን አብጁ፤ ለምሳሌ ከያዛችሁት ክብደት 2 ኪሎ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ምግባችሁን መርምሩ። ሁለት ኪሎን መመለስ ይቻላል፤ አሥራ አምስት ኪሎን እንደገና መጀመር ግን ልብ ይሰብራል። ድግስ ላይ በዝቶ የተበላ አንድ ምሳ ግን ማንንም አላወፈረም። በአንድ ኪሎ ስብ ውስጥ የተከማቸው ጉልበት 7,700 ካሎሪ ያህል ነው፤ ይህ በአንድ ማዕድ አይሞላም። ጉዳቱ የሚመጣው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን በሙሉ ከመልቀቅ ነው። የሚቀጥለውን ምግብ እንደ ወትሮው ብሉ፣ ራሳችሁን ለመቅጣት ብላችሁም አትጹሙ።

በመጨረሻ የምለው እንደ አባት የሚያስጨንቀኝን ነው። አንዳንዶቻችሁ መቀነስን ማቆም ያቅታችኋል። የክብደትና የቁመት ምጣኔያችሁ (BMI፦ ክብደት በኪሎ፣ በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል) ከ18.5 በታች ከወረደ፣ የወር አበባ ከቀረ፣ ፀጉር ከተነቃቀለ፣ ከሰው ጋር ቀርቦ መብላት ማስፈራት ከጀመረ፣ ያ በሽታ እንጂ ሥርዓት አይደለም። ሌላ ኪሎ ሳትቀንሱ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ለብቻችሁ መሄድ ከከበዳችሁም የምታምኑትን ሰው አስከትሉ።