መልስ፦ ዴፑቲ ሸሪፍ ከሆንኩ ወዲያው ፓትሮል እወጣለሁ?

ሰላም ወንድሜ። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ዴፑቲ ሸሪፍ፣ ማለትም በካውንቲው ሸሪፍ (የፖሊስ አዛዥ) ሥር የሚሠራ ፖሊስ፣ ለመሆን ከፖሊስ አካዳሚ እንደተመረቅክ የፓትሮል (የጎዳና ቅኝት) መኪና ይሰጡህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ግሪን ካርድ ይበቃል ወይ ብለሃልም።

መኪናውን እርሳው። እዚያ አዲስ ዴፑቲ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እስር ቤት ውስጥ ነው። የካውንቲውን እስር ቤቶች የሚያስተዳድረው ሸሪፉ ነዋ! እስረኛ ትቆጥራለህ፣ ክፍል ትፈትሻለህ፣ ሪፖርት ትጽፋለህ፣ አሁንም ትጽፋለህ። ለዓመታት እዚያው የሚቆይ አለ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ጋ ነው። እኔ ግን የባከነ ጊዜ አይመስለኝም። እስረኞች መሀል ሽጉጥ ይዘህ አትገባም። ስለዚህ የተቆጣን ሰው በአፍህ ማብረድ ትለምዳለህ። ጎዳና ላይ ከምንም በላይ የሚያስፈልግህ ይሄ ነው።

ፓትሮል ስትመደብም መጀመሪያ ከአሰልጣኝ ዴፑቲ ጋር ነህ። የምትሠራው የራሳቸው ፖሊስ በሌላቸው ሰፈሮች ወይም እንደ ኮምፕተን በኮንትራት ሸሪፉን በሚቀጥሩ ከተሞች ነው።

ስለ ግሪን ካርዱ፦ ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ ዜግነት የግድ አትልም። የሚከብደው የኋላ ታሪክ ማጣሪያው ነው። ዕዳህን፣ የትራፊክ ቅጣትህን፣ የድሮ አለቃህን ሳይቀር ይጠይቃሉ። የቆየ ጥፋት ካለብህ ቀድመህ ራስህ ጻፈው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚወድቀው በመደበቁ ነው።