ከወንድምህ ጋር አዲስ አበባ ልትሄድ ከሆነ መጀመሪያ የአልጋውን ነገር ጨርስ

"ከሀዋሳ ነን። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቅዳሜና እሁድን አዲስ አበባ ልናሳልፍ ነው። የት እንረፍ? ምን እንይ? ስንት ብር ይበቃናል?" ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እኔም የሀዋሳ ልጅ ነኝ። እኔም ታናሽ ወንድሜን ይዤ ነው የሄድኩት። ኅዳር 2017 ነበር። ስለ ፓርኩና ስለ ሙዚየሙ ብዙ ሰው ይነግርሃል። እኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ።

1. አልጋ ስትይዝ "ሁለት ወንዶች ነን" በል። በስልክ፣ ቀብድ ከመላክህ በፊት።

እኔ አላልኩም። ፌስቡክ ላይ ያየሁት ፔንሲዮን ደወልኩ። "አልጋ አለ?" አልኩ። "አለ፣ 1,200" አሉኝ። ግማሹን በቴሌብር ላክሁ። ለስንት ሰው እንደሆነ እኔም አልተናገርኩም፣ እነሱም አልጠየቁኝም። አለቀ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ በ8 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ይሄም ስህተት ነበር። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ አይመስልም። ግን ሞጆ አካባቢ የከባድ መኪና ሰልፍ ያዘንና ቃሊቲ መናኸሪያ የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በር ላይ የሚጠብቁት የኮንትራት ሹፌሮች የጠሩብን ዋጋ ያስደነግጣል። ራይድ ስጠራ ግማሹን እንኳ አልሞላም። አፑን እዚሁ ሀዋሳ ሆነህ ጫነው።

ፔንሲዮኑ ስንደርስ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያ ጠየቀችን። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ "ለሁለታችሁ ነው?" አለች።

"አዎ፣ ወንድሜ ነው።"

"የአባት ስማችሁ አይገናኝም።"

በእናት ነው የምንገናኘው አልኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። በእኛ ቤት "በእናት" "በአባት" የሚባል ነገር ተነስቶ አያውቅም። የእሱ አባት ሲሞት ወንድሜ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩት። እስከ ዛሬ "ወንድም ጋሼ" ነው የሚለኝ።

"ይቅርታ፣ ሁለት ወንድ አንድ ክፍል አናስገባም። የቤቱ ሕግ ነው" አለች።

ምን እንደጠረጠረች ገብቶኛል። ወንድሜም ገብቶታል፣ 19 ዓመቱ ነው። እማ የጋገረችልንን ድፎ ዳቦ በፌስታል እንደያዘ ጫማውን ያይ ነበር። እኔ ቱግ አልኩ። ስልኬን አውጥቼ እማ ጋ ደወልኩና ላውድ ስፒከር ላይ አደረግሁት። እማ ተኝታ ነበር። ነገሩን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "ልጄ፣ ሁለቱንም እኔ ነኝ የወለድኳቸው። ምን አጥፍተው ነው?" አለቻት።

ልጅቷም ደነገጠች። ግን "እማማ ይቅርታ፣ ሁለት ክፍል ይያዙ" ከማለት ሌላ ምንም አላለችም። ቀብዱን መልሱልኝ ብል አይመለስም አለች። ሌላ ቦታ እንዳንፈልግ መሽቷል፣ ከተማውን አናውቀውም። 1,200 የነበረው 2,400 ሆነ።

የቤቱ ሕግ ከሆነ ሕጉ ነው፣ አልከራከርም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ እንዳሉ በኋላ ሰምቻለሁ። ግን ብሬን ከመቀበላቸው በፊት "ለስንት ሰው ነው?" ብለው መጠየቅ አይችሉም ነበር? እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

የክፍሎቹ ግድግዳ ስስ ነው። ወንድሜ ሲገላበጥ ይሰማኛል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላከልኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ስም ነው?" ይላል። ተነስቼ በሩን አንኳኳሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ዳቦውን ቆርሰን በላን።

2. የልደት ሰርተፍኬታችሁን ፎቶ ስልክህ ላይ ያዝ። መታወቂያ ላይ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው። ሰርተፍኬት ላይ ግን የእናትም ስም አለ። የአንድ አባት ልጆች ከሆናችሁ መታወቂያው ራሱ ይናገርላችኋል። እንደኛ ከሆናችሁ ግን ያለዚህ ወረቀት አትንቀሳቀስ። እኛ ቅዳሜ ጠዋት እህታችን ከቁም ሳጥን አውጥታ፣ ፎቶ አንስታ ላከችልን።

ከዚያ በኋላ ግን የሚጠይቀን ጠፋ። ከፔንሲዮኑ የወሰደን የራይድ ሹፌር የሆነውን ስንነግረው ወደ ገርጂ አንዲት ሴትዮ የምታስተዳድረው እንግዳ ማረፊያ አለ ብሎ ስልኳን ሰጠኝ። ደወልኩና ገና ሰላም ሳልላት "ሁለት ወንድማማቾች ነን፣ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል እንፈልጋለን" አልኩ። "1,500 ነው፣ ኑ" አለች። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም። ባለ ሁለት አልጋ የምትለዋን ቃል ልብ በል። ዝም ብለህ "አልጋ" ካልክ የሚሰጡህ አንድ ሰፊ አልጋ ያለበትን ነው፣ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

3. ምን እንይ ላልከው፣ ቅዳሜን ወደ ላይ ውጡበት። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አያችሁና በእግራችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ፣ ሩብ ሰዓት ነው። አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። ዙሪያውን የተቀረጸውን ሳትቸኩሉ እዩት፣ ፋሺስቶች በ1929 የጨፈጨፉት ሕዝብ ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። የብሔረሰብ ሙዚየሙ ያለበት ቤት የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ነው። መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው እንዳለ አለ። መስታወቱ ላይ የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የጥይት ቀዳዳ አለ። ወንድሜ እዚያ ቀዳዳ ፊት ብዙ ቆመ። ታሪክ ማጥናት እፈልጋለሁ ያለኝ ከዚያ ስንወጣ ነው። ለዚህ ብቻ ስል መንገዱን ደግሜ እሄደዋለሁ።

ከስድስት ኪሎ ታክሲ ይዛችሁ ሽሮ ሜዳ ውረዱ። ለእናትህ ነጠላ የምትገዛ ከሆነ እዚያ ግዛ። እኔ ለመርካቶ ብዬ እሁድ አቆየሁት። እሁድ መርካቶ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው! እማ ነጠላ ሳትለብስ ቀረች፣ በወሩ በሰው አስመጣሁላት። ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ ከወጣችሁ እንጦጦ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፣ የኛን አየር አያውቅም። ጃኬት ያዙ። ወንድሜ በቲሸርት ወጥቶ የኔን ጃኬት ለበሰ፣ እኔ ሳምንት አስነጠሰኝ።

እሁድ ፒያሳ። በ2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ነው። ቶሞካ ቆማችሁ ቡና ጠጡ። ዶሮ ማነቂያ ሂዱና ብሉ የሚል የድሮ ምክር ታገኛለህ፣ አትስማ። ሰፈሩ በ2016 ፈርሷል።

አንድነት ፓርክን አላየነውም። ወንድሜ በጣም የፈለገው እሱን ነበር፣ ቤተ መንግሥቱንና ጥቁር ጎፈር አንበሶቹን። የመግቢያውና የታክሲው ብር ያ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ቀረ። ስንት ብር ይበቃናል ላልከው መልሴ ይኸው ነው። ያሰብከው ላይ የአንድ ሌሊት አልጋ ጨምርበትና ለብቻው አስቀምጠው። ካልተነካ ፓርኩን ግቡበት።

ዓርብ ከሰዓት አትነሱ። ቅዳሜ 11 ሰዓት ንጋት ላይ መናኸሪያ ከተገኛችሁ በቀን ትገባላችሁ፣ አልጋውን በቀን አይታችሁ ትይዛላችሁ። አይሆንም ቢሏችሁ እንኳ ሌላ ለመፈለግ ብርሃን አለ።

የገርጂዋን ሴትዮ ስልክ እዚህ አልጽፈውም፣ ኢንቦክስ ጻፍልኝ እሰጥሃለሁ። የሀዋሳዎቹ ወንድማማቾች ልከውኝ ነው በላት፣ ታስታውሰናለች።