የቼዝ ፕሮግራም ስልቱ ይገባዋልን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሔርማታ አካባቢ ባለ ቡና ቤት ከጓደኛዬ ጋር ቼዝ ስንጫወት ወታደሮቻችን ከዳር እስከ ዳር ተቆላልፈው መተላለፊያ ጠፋ። እሱ በአንድ ግንብ ቢበልጠኝም የሚገባበት ቀዳዳ ስላልነበረው በአቻ ተለያየን፤ የስልኬ ፕሮግራም ግን ለእሱ ሰፊ ብልጫ ሰጠው። ታዲያ ፕሮግራሙ የጨዋታውን ስልት ያውቃል ማለት ይቻላልን? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስህተቱ የመጣው ከአሠራሩ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 የረታው ዲፕ ብሉ የተባለ ኮምፒውተር በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጦችን ይመረምር ነበር፤ «ፈረስ መሐል ላይ ይበረታል» የሚለው መርህ ግን ለእሱ ሰዎች የጻፉለት ነጥብ ብቻ ነበር። የእርስዎም ስልክ ትርፉን ግንብ ቆጠረ፤ እናንተ በአንድ እይታ የለያችሁትን የተዘጋ አጥር ግን እርምጃ በእርምጃ ካልፈተሸ አያየውም።

ነገሩን የሚያወሳስበው በዚያው አቆጣጠር በ2017 ይፋ የሆነው አልፋዜሮ የተባለ የቼዝ ፕሮግራም ነው። ከሕጉ በቀር ምንም ሳይነገረው ከራሱ ጋር በመጫወት ተምሮ፣ ለዘለቄታ ጫና ሲል ወታደሮቹን በፈቃዱ ይሠዋ ነበር፤ ተመራማሪዎችም ውስጡን ሲፈትሹ የንጉሥን ደኅንነት የመሰሉ የሰው ጽንሰ ሐሳቦችን አሻራ አግኝተዋል። እኔ ይህን መረዳት ብዬ ለመጥራት አላመነታም (ምክንያቱን ማስረዳት የማይችል ጎበዝ ተጫዋች በየቡና ቤቱም አለ)።

የስልክዎ ፕሮግራም የሰጠው ብልጫ ባዶ መሆኑን ለማየት ያንኑ አቀማመጥ መልሰው ይደርድሩና ፕሮግራሙን ከራሱ ጋር ያጫውቱት። ወታደር ሳይንቀሳቀስና መበላላት ሳይኖር ሁለቱም ወገኖች 50 እርምጃ ሲሞላቸው ሕጉ አቻ መጠየቅን ይፈቅዳል።