«ለአጨዋወታችን አትሆንም» ለተባለው ጋርድ

ከሜሪላንድ አንድ ልጅ ጽፎልኛል። ደብዳቤው ረጅም ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፤ ቦታው ጋርድ ነው። ቁመቱ 6 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ክብደቱ 324 ፓውንድ ነው፤ 147 ኪሎ ማለት ነው። ኮሌጁ ሲመለምለው ቡድኑ «ፓወር» እና «ካውንተር» ይጫወት ነበር። ዘንድሮ አዲስ የማጥቃት አሰልጣኝ መጣና ሁሉን ወደ «አውትሳይድ ዞን» ቀየረው። ልጁም ከቋሚነት ወደ ተቀያሪነት ወረደ። የላይን አሰልጣኙ ጠርቶ «ጥሩ ተጫዋች ነህ፤ ግን ለአጨዋወታችን አትሆንም» አለው። ጥያቄው ሦስት ነው። ትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት መዝገብ) ልግባ? 30 ፓውንድ ልቀንስ? ወይስ አባቴ እንደሚለው «ይሄን ግፊያ» ትቼ ምህንድስናዬን ልጨርስ?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንዲት ነገር ያዘችኝ። «አንደኛ ዓመት እያለሁ የድሮው አሰልጣኝ ፑል ሳደርግ ደስ ይለው ነበር» ብለሃል። አንተ ዝም ብለህ ነው ያለፍካት። እኔ ግን የጥያቄህ ቁልፍ እሷ ትመስለኛለች። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ሌላው አንባቢ እንዳይጠፋብን። አገር ቤት እግር ኳስ የምንለው ሌላ ነው፤ ይሄኛው ኳሱ በእጅ የሚያዝበት ነው። ከፊት አምስት ግዙፍ ልጆች ይደረደራሉ። መሃል ላይ ሴንተር፣ ግራና ቀኙን ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች። አምስቱ አንድ ላይ ላይን ይባላሉ። ኳሱን ይዘው አይሮጡም። ሥራቸው ለሚሮጠው መንገድ መክፈት፣ ለሚወረውረው ደግሞ ጊዜ መግዛት ነው። ስማቸው የሚጠራው ጥፋት ሲሠሩ ብቻ ነው ይባላል፤ እውነት ነው።

በፓወር አጨዋወት ማን ማንን እንደሚገፋ አስቀድሞ ይታወቃል። ሩጫው በሚሄድበት ወገን ያሉት ፊታቸው ያለውን ወደ መሃል ይደፍቁታል። ከሌላው ወገን ያለው ጋርድ ደግሞ ከቦታው ተነቅሎ፣ ከጓደኞቹ ጀርባ ሮጦ ይዞርና በተከፈተው በር ገብቶ ላይንባከሩን፣ ከተጋጣሚው የፊት መስመር ጀርባ የሚቆመውን ተከላካይ፣ ይመታል። ፑል የሚባለው ይሄ ነው። በካውንተር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ይነቀላል። አባትህ የድሮ ዲሲ ሰው ከሆኑ «ሆግስ» የሚባሉትን የዋሽንግተን ላይን ሳይሰሙ አይቀሩም። በ1980ዎቹ በአሰልጣኝ ጆ ጊብስ ዘመን ካውንተርን አገር ያወቀው በእነሱ ነው።

አውትሳይድ ዞን ሌላ ዓለም ነው። አምስቱም በአንዴ፣ በአንድ እግር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነሳሉ። የጥምቀት ወረብ አይተሃል አይደል? መስመሩ በሙሉ ከበሮው ሲመታ አብሮ ይወዛወዛል። አንዱ ከዘገየ ወዲያው ያስታውቃል። ዞን እንደዚያ ነው። በስም የተሰጠህ ሰው የለም፤ ወደ ክልልህ የመጣው ያንተ ነው። ከጎንህ ካለው ጋር ሆናችሁ አንዱን ትገፋላችሁ። ከዚያ ከሁለታችሁ አንዱ ለቆ ወደ ላይንባከሩ ይወጣል። ማን ይልቀቅ? መቼ? የተጋጣሚው ትከሻ ወደየት እንዳዘነበለ አይታችሁ፣ ሳትነጋገሩ፣ በቅጽበት ነው የምትወስኑት።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። ብዙ ሰው «ዞን የቀላል ልጆች ነው፣ ፓወር የከባዶች» ይላል። መነሻ አለው። በ1990ዎቹ በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ ዴንቨር ብሮንኮስ ውስጥ አሌክስ ጊብስ የሚባል የላይን አሰልጣኝ ነበር፤ ከዋሽንግተኑ ጊብስ ጋር እንዳታምታታው። የሱ ልጆች አብዛኞቹ ከ300 ፓውንድ በታች ነበሩ። ከእነሱ ጀርባ ቴሬል ዴቪስ፣ በድራፍት (ቡድኖቹ የኮሌጅ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት) በስድስተኛው ዙር የተመረጠ ልጅ፣ በ1998 በአንድ የውድድር ዘመን 2,008 ያርድ ሮጠ። እሱ ሲጎዳ በ1999 ኦላንዲስ ጌሪ፣ በ2000 ማይክ አንደርሰን ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጡ። ሯጩ ይቀያየራል፤ መንገዱ ግን ይከፈታል። ዓለም ሁሉ ያንን ቀዳ።

በ2024 ደግሞ ፊላደልፊያ ኢግልስን ተመልከት። ሴኳን ባርክሊ 2,005 ያርድ ሮጠ። ከዴቪስ በሦስት ያርድ ብቻ ያንሳል። ከፊቱ የነበሩት ግን ተራራ ናቸው። ግራ ታክሉ ጆርደን ማይላታ 365 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ቀኝ ጋርዱ ሜካይ ቤክተንም ከ350 በላይ። እነሱም ዞን ይሮጣሉ! ሁለቱም ቡድኖች፣ ዴንቨር በ1998 ፊላደልፊያ በ2024 የውድድር ዘመን፣ የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦውልን በልተዋል። ስለዚህ 324 ፓውንድ መሆንህ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ቤክተንን ካነሳሁ አይቀር ታሪኩ ላንተ ይሆናል። ኒውዮርክ ጄትስ በ2020 በ11ኛ ምርጫ የወሰዱት ታክል አድርገው ነበር። ጉልበቱ ተጎዳ፣ ሁለት ዓመት ያህል ባከነ፣ ሰውም ተስፋ ቆረጠበት። በ2024 ፊላደልፊያ ለአንድ ዓመት ወሰደውና ከዳር ወደ ውስጥ አስገባው። ጋርድ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው ሻምፒዮን ነበር። ሰውዬው ያው ነው፤ ሥራው ነው የተቀየረው።

ሌላው ሌከን ቶምሊንሰን ነው፤ እንዳንተ ጋርድ። ዲትሮይት በ2015 በመጀመሪያው ዙር መረጠው፤ አልሆነለትም። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ሸጠው። ርካሽ ነው፤ የተጣለ ዕቃ ዋጋ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ የአውትሳይድ ዞን ቤት ነው። እዚያ አምስት ዓመት ቋሚ ሆነና የኮከቦቹ ምርጫ ፕሮ ቦውል ውስጥ ገባ። አንዱ ቤት «አይሆንም» የተባለው፣ ሌላው ቤት ምሰሶ ሆነ ማለት ነው።

እና «ፖርታል ግባ ልትለኝ ነው» እንዳትል። ገና ነኝ።

ወደ ፑል ልመለስ። በፓወር ፑል የሚያደርግ ጋርድ ከቦታው ተነስቶ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ይዞራል፣ የሚንቀሳቀስ ላይንባከር ያገኛል። ይሄን ደህና አድርጎ የሚሠራ ሰው እግር አለው ማለት ነው። እግር ያለው ሰው ደግሞ «ለዞን ትከብዳለህ» ሲባል ነገሩ አይገጥምልኝም። ግምቴን ልንገርህ። ችግርህ ሰውነትህ አይመስለኝም፤ ዓይንህና ስምምነትህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ያንን ሰው ምታ» ተብለህ ኖርክ። አሁን «አይተህ ወስን» ተባልክ። ከጎንህ ያለው ታክል ሲለቅ አንተ ገና ትገፋለህ፤ አንተ ስትለቅ እሱ ገና አልያዘም። ይሄ ከሆነ ትምህርት ነው፤ በድግግሞሽ ይመጣል። ተቀያሪ ስትሆን ደግሞ ድግግሞሹ ይቀንስብሃል። ክፉ አዙሪት ነው።

ልሳሳት እችላለሁ። የሙያ አማካሪ እንጂ አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ቪዲዮህንም አላየሁም። ስለዚህ ራስህ እየው። ዘንድሮ የተሰለፍክባቸውን የዞን ሩጫዎች ብቻ ለይተህ አውጣ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ጻፍ፤ የተሸነፍኩት የት ነው? የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ከሆነ እግር ነው። ከነካሁት በኋላ ከሆነ እጅና ዳሌ ነው። ሰውዬውን ደህና ይዤ ላይንባከሩ በነፃ ካለፈ ዓይን ነው። ሃያ ሩጫ ያህል ስታይ መልኩ ይወጣልሃል።

ከዚያ ወረቀቱን ይዘህ አሰልጣኙ ቢሮ ሂድ። ለምን አላሰለፍከኝም ብለህ አትግባ፤ ያ ልቅሶ ነው። «ኮች፣ ከእነዚህ ሦስቱ የቱ ነው የሚያሳስብህ? በጸደይ ልምምድ ምን ብታይ ሐሳብህን ትቀይራለህ?» በለው። ጸደይ ላይ የሚፈቀደው 15 ልምምድ ነው፤ ብዙ አይደለም። ጠንቅቆ የሚያውቅህ አሰልጣኝ ቁርጥ ያለ ነገር ይነግርሃል። «ሁለተኛዋ እርምጃህ ወደ ኋላ ትሄዳለች» ካለህ ቆይ፤ እየተከታተለህ ነው። «እ... በቃ፣ አትገጥምም» ዓይነት ነገር ካወራ ግን ቦታህን ለሌላ አስቦታል። አዲስ አሰልጣኝ የራሱን ልጆች ማምጣቱ የታወቀ ነው። ቂም አይያዝበትም፤ ግን ይታወቅ።

ይሄን ውይይት ከፈረንጆች ገና በፊት ጨርስ። ምክንያቱም ከ2026 ጀምሮ ለፉትቦል የፖርታሉ በር የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ነው። የድሮው የጸደይ መስኮት ቀርቷል። ዋናው አሰልጣኝ ከለቀቀ ሌላ መስኮት ይከፈታል፤ ያንተ ቡድን የቀየረው ግን የማጥቃት አሰልጣኙን ብቻ ነው። እና ጃንዋሪን ካሳለፍክ መጪውን ዓመት እዚያው ነህ።

ፖርታል ስትገባ ደግሞ ኮሌጅህ ስኮላርሺፕህን ሊያቋርጥ እንደሚችል እወቅ። «ሌላው ካልወሰደኝ እመለሳለሁ» የሚለው ስሌት ብዙ ልጅ ሜዳ ላይ አስቀርቷል። ሌላም አለ። እንደ ሦስተኛ ዓመት አትሌት በዓመቱ መጨረሻ ከዲግሪህ 60 በመቶውን፣ በሚቀጥለው ዓመት 80 በመቶውን ማጠናቀቅ ይጠበቅብሃል። አዲሱ ኮሌጅ የምህንድስና ኮርሶችህን ካልተቀበለ ሜዳ ላይም ትታገዳለህ። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ሆኗል፤ ኮርሶቹን ሳያስመረምር ዘሎ ሄደና አንድ ዓመት ሙሉ የተማረውን ደገመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንተ ኮርሶችህን አስቀድመህ ከአካዳሚክ አማካሪህ ጋር ዘርዝረህ ያዝ።

30 ፓውንዱን ተወው። በአንድ ክረምት 30 ፓውንድ የሚቀንስ ላይንማን ስቡን ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ጉልበቱንም ነው። ለኳርተርባክ፣ ኳሱን ለሚወረውረው፣ ጊዜ መግዛት ከሥራህ ግማሹ ነው። ያን ጊዜ ማንም ስለ ዞን አያወራም፤ ደረትህ ላይ የሚመጣውን ሰው ማቆም ነው። ደግሞስ አሰልጣኙ በሚቀጥለው ዓመት ቢሄድና ፓወር የሚወድ ቢመጣ? 294 ፓውንድ ሆነህ ምን ልትሆን ነው? ከቡድኑ የምግብ ባለሙያ ጋር ተማክረህ አሥር ያህል ቀስ ብለህ ብትቀንስ አይከፋም። ከዚያ አትለፍ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? አሰልጣኙ ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጠኝ እቆያለሁ፣ ከታክሉ ጋር ጓደኝነት አጠብቃለሁ። የምሬን ነው፤ ከልምምድ በኋላ አብራችሁ ቪዲዮ እዩ፣ አብራችሁ ብሉ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር የሚግባባው በዚህ ነው። መልሱ ጭጋግ ከሆነ ግን በጃንዋሪ እወጣለሁ፤ ፓወርና ካውንተር የሚጫወት፣ ምህንድስናዬንም የሚቀበል ኮሌጅ እፈልጋለሁ። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ።

አባትህን በተመለከተ፤ ግማሹን እውነት ይዘዋል። ለድራፍት ከሚደርሱ የኮሌጅ ተጫዋቾች መካከል ከመቶ ሁለት እንኳ ወደ ኤንኤፍኤል አይገቡም። ምህንድስናው ዋናው ነው። ግን ግፊያው ለምህንድስናው እየከፈለ እንደሆነ በቁጥር አሳያቸው፤ የስኮላርሺፕ ደብዳቤህን በአማርኛ ተርጉምላቸው። የቶምሊንሰንንም ታሪክ ንገራቸው። በልጅነቱ ከጃማይካ ወደ ቺካጎ የመጣ ስደተኛ ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ለመሆን ያሰበ ልጅ ነበር።

አሁን ካልኩህ ጥያቄዎች በኋላ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ተቀመጡ። ጨዋታ ስታሳያቸው ኳሱን እንዳይከተሉ ንገራቸው፤ ግራ የሚያጋባቸው እሱ ነው። «አባዬ፣ የኔን ቁጥር ብቻ እይ፤ ከጎኔ ያለውን ልጅ እና እኔን ብቻ» በላቸው። ማን መቼ እንደሚለቅ እሳቸው ቀድመው ቢያዩት አይገርመኝም።